«ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» መልስ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስልክ ጨዋታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ስለ ሱሱም፣ ስለሚበላው ብርም የተጻፈው ልክ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። በጨዋታዎቹ ውስጥ የሚወጡትን ቁጥሮች «ኮምፒውተሩ በዕድል ያወጣቸዋል» ብላችሁ አለፋችሁ። እኔ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፣ ማታ ማታም ጀማሪዎችን አስተምራለሁ፣ እና ይቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል። ኮምፒውተር ስሌት ነው የሚሠራው። አንድ ዓይነት ነገር ከሰጣችሁት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል። ታዲያ ዕድሉን ከየት ያመጣዋል?

ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ እዚሁ መሞከር ይቻላል። አንድ ቁጥር ያዙ። በ5 አባዙት፣ 3 ጨምሩበት፣ የመጣውን ለ16 አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። በ1 እንጀምር። 1 በ5 ሲባዛ 5፣ 3 ሲጨመር 8። 8 ለ16 ስለማይደርስ ራሱ 8 ይቀራል። 8 በ5 ሲባዛ 40፣ 3 ሲጨመር 43፣ ሁለት 16 ሲወጣለት 11። ከ11 ደግሞ 10 ይመጣል፣ ከ10 5፣ ከ5 12፣ ከ12 15። እንግዲህ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት «ዝም ብሎ የመጣ ነው» ይላችኋል። ግን ስሌቱ ከ0 እስከ 15 ያሉትን ቁጥሮች አንድም ሳያስቀር አዳርሶ ተመልሶ 1 ላይ ይመጣና ያንኑ ዙር ከመጀመሪያው ይደግመዋል።

በቃ ይኸው ነው። ጌም ውስጥ ያለው «ራንደም» በብዛት የዚህ ዘመድ ነው። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለዓመታት የተጠቀመበት ማባዣው 25214903917 ነው፣ የሚደምረው 11፣ የሚያካፍለው ደግሞ ለ2 ኃይል 48። ቁጥሮቹ አስፈሪ ናቸው እንጂ ዘዴው ወረቀቱ ላይ የሠራነው ነው።

ያ የጀመርንበት 1 ሲድ ይባላል። በ1 ፈንታ በ7 ብትጀምሩ 6፣ 1፣ 8 እያለ ይቀጥላል። ዕድል የሚባል ነገር ካለ ያለው እዚያች መነሻ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ማባዛትና መደመር ነው። ስለዚህ ስሌቱንና ሲዱን ያወቀ ሰው ጨዋታው ገና ሳይጀመር ሁሉንም አወቀ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከላይ ያለውን ዝርዝር እንደገና እዩት። 1 ጎዶሎ፣ 8 ሙሉ፣ 11 ጎዶሎ፣ 10 ሙሉ፣ 5 ጎዶሎ፣ 12 ሙሉ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። አንድ ጀማሪ በዚህ ስሌት ዘውድና ጎፈር የሚጥል ጌም ሠርቶ «ሙሉ ከሆነ ዘውድ» ቢል፣ ዘውድ፣ ጎፈር፣ ዘውድ፣ ጎፈር እያለ ዓለም እስክታልፍ ይቀጥላል። ይሄ የማስተማሪያ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ዓይነት ስሌት የታወቀ ድክመት ነው፣ ቁጥሮቹ ቢገዝፉም የመጨረሻዋ ቢት ላይ ያው ነው (ቢት ማለት ኮምፒውተር ቁጥርን ከሚጽፍባቸው 0 እና 1 አንዷ ናት)። ለዚህም ነው ጃቫ ከታች ያሉትን ቢቶች ጥሎ የላይኞቹን ብቻ የሚሰጠው።

አሁን ሰው ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ማጭበርበር ነዋ!» ይላል። አይደለም። ለመዝናኛ ጌም ሲድ ትልቅ ስጦታ ነው። በ1984 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኤሊት የተባለውን የጠፈር ጌም ቢቢሲ ማይክሮ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። የማሽኑ ሚሞሪ 32 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም። ጌሙ ውስጥ ግን 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 ፕላኔት፣ በድምሩ 2048 ፕላኔት ከነስሙ፣ ከነመንግሥቱ፣ ከነገበያው አለ። የት አስቀመጡት? የትም አላስቀመጡትም። ሲድ ብቻ ነው የያዙት፣ ፕላኔቱ ጋ ስትደርሱ ስሌቱ ይሠራና ስሙን ያወጣዋል፣ ሄዳችሁ ስትመለሱም ያንኑ ስም ያወጣዋል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል።

ማይንክራፍት የሚባለውን፣ ዓለሙን ራሱ ከሲድ የሚሠራውን ጌም የሚጫወቱ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይሄን ሳታውቁት ቤታችሁ አለ። ልጆቹ ሲድ ይለዋወጣሉ። አንዱ የጻፈውን ቁጥር ሌላው በዚያው የጌሙ ቨርዥን ላይ ቢጽፍ፣ ያው ተራራ፣ ያው ወንዝ፣ ያው ዋሻ ይመጣለታል። ቁጥር ብቻም አይደለም፣ ቃል መጻፍም ይቻላል፣ ጌሙ ቃሉን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። በአማርኛም ይሠራል። ግን «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውና «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው ሁለት የማይገናኙ ዓለሞች ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ የፊደሎቹ ቁጥር ይለያያል። የአማርኛ መምህራን ይቺን ቢያውቋት ጥሩ መሣሪያ ትሆናቸዋለች።

በ2020 ደግሞ የዚህ ጌም ፍቅረኞች አንድ ጉድ ሠሩ። ጌሙ ውስጥ ለዓመታት የኖረች አንዲት ትንሽ የመልክዓ ምድር ምስል አለች። የየትኛው ዓለም ምስል እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም። ዛፎቹ የቆሙበትን፣ መሬቱ ከፍና ዝቅ ያለበትን ከምስሏ እየለኩ፣ የብዙ ፈቃደኞችን ኮምፒውተር አስተባብረው ወደ ኋላ አሰሉና ሲዱን አገኙት፦ 3257840388504953787። ልብ በሉ፣ ማንም አልነገራቸውም። ውጤቱን አይተው መነሻውን አወቁ። ለመዝናኛ ሲሆን ያስጨበጭባል። ብር ያለበት ጨዋታ ላይ ይሄው ችሎታ ምን እንደሚሠራ ግን አስቡት።

ሲዱን የሚረሱም አሉ። በሲ ቋንቋ ሲድ ሳትሰጡት ራንደም ቁጥር ብትጠይቁት ራሱ 1 ብሎ ይጀምራል፣ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ያው ቁጥር በያው ቅደም ተከተል ይመጣል። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2004 የወጣው ፖኬሞን ኤመራልድ የተባለው ጌም መሣሪያው በበራ ቁጥር ሲዱ 0 ነው። ሁልጊዜ 0። ከእሱ በፊት የነበሩት ሩቢና ሳፋየር ከሰዓት ይወስዱ ነበር፣ ኤመራልድ ላይ ያ ነገር ቀረ። ተጫዋቾቹ ይሄን አወቁና ሰዓት ቆጣሪ ይዘው ከ8192 አንዴ ብቻ የሚገኘውን ባለ ልዩ ቀለም ፖኬሞን (የጌሙን ፍጡር) በትክክለኛዋ ቅጽበት ቁልፉን እየተጫኑ ያወጡት ጀመር። ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም ጨዋታው ላይ ሌላ ጨዋታ ተጨመረ። ዱም የተባለው ጌም ደግሞ (1993) ከናካቴው ሲድ የለውም፣ አስቀድሞ የተጻፉ 256 ቁጥሮችን በተራ ነው የሚያነበው፣ ያስፈራችሁ የነበረው ጭራቅ ከዝርዝር እያነበበ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ዛሬ ቴሌግራም ላይ በቦት (ሰው ሳይነካው ራሱ በሚመልስ ፕሮግራም) የሚሠራ ቢንጎ እንደ አሸን ፈልቷል። ብር ይገባል፣ ካርድ ይመረጣል፣ ከ1 እስከ 75 ያሉት ቁጥሮች ይጠራሉ። ከሚያስተምሩኝ፣ ይቅርታ፣ ከማስተምራቸው አንዱ (አንዳንዴ ይገለባበጣል) የሠራውን እንዲህ ያለ ቦት ኮድ ከፍቶ አሳየኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራው ንጹህ ነው። ሲዱን ግን ከሰዓት ነው የወሰደው። ይሄ በየመማሪያው የተጻፈ ዘዴ ስለሆነ አልፈርድበትም። ኮምፒውተር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይቆጥራል፣ ያ ቁጥር በየሰከንዱ ስለሚቀየር ሰዉ ሁሉ ለሲድ ይጠቀምበታል።

ችግሩ የት ጋ ነው? ጨዋታው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል ብሎ ቦቱ ራሱ አስቀድሞ ያስታውቃል! እንግዲህ ሲዱ ምን እንደሚሆን ቀትር ላይ ሻይ እየጠጣችሁ ታውቁታላችሁ። ኮዱን ያየ ወይም አሠራሩን የገመተ ሰው የ75ቱን ቁጥሮች ቅደም ተከተል አስልቶ፣ ቀድሞ የሚዘጋውን ካርድ መርጦ ቁጭ ይላል። ጨዋታው ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይስ? ምንም አይደለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሉት ሰከንዶች 60 ናቸው፣ ስለዚህ ሊመጡ የሚችሉት ቅደም ተከተሎችም 60 ብቻ ናቸው። 75 ቁጥሮች ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ ግን ከመቶ በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ ሁሉ ባሕር 60 ጠብታ ቀረ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲጠራ ከ60ዎቹ አብዛኞቹ ይወድቃሉ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጠራ አንድ ብቻ ይቀራል። ለልጁ ይሄንኑ በራሱ ኮድ ሠርቼ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔውኑ ቀየረው፣ ጎሽ።

ሌላም አይቻለሁ፣ ይሄኛው ደግሞ ያስቃል። ሲድ መስጫውን መስመር መደጋገሚያው ውስጥ (አንድን ሥራ እየደጋገመ በሚሠራው የኮዱ ክፍል ውስጥ) ያስገቡታል። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያንን መስመር እልፍ ጊዜ ይሠራዋል፣ ሰከንዷ አልተቀየረችም፣ ሲዱም አልተቀየረም፣ ስለዚህ ስድስት ዳይስ ጣል ስትሉት ስድስቱም 4 ይመጣሉ። ከዚያ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ራንደሙ ተበላሽቷል፣ ምን ላድርግ» የሚል ጥያቄ። አንዴ ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ፣ በቃ።

ይሄ ሁሉ የሰፈር ልጆች ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ1999 የሆነውን ላምጣ። ፕላኔት ፖከር የሚባል በኢንተርኔት በእውነተኛ ገንዘብ ፖከር የሚያጫውት ድርጅት ነበር። ሶፍትዌሩን የሠራው ኤኤስኤፍ ሶፍትዌር ነው። ጨዋታው ፍትሐዊ መሆኑን ለማሳየት ብለው ካርታው የሚበወዝበትን ኮድ ራሳቸው ለሕዝብ አወጡት። ሐሳባቸው ሸጋ ነበር፣ ይሄን እንኳ የማያደርግ ስንት አለ። ሪላያብል ሶፍትዌር ቴክኖሎጂስ የሚባል ኩባንያ ባለሙያዎች ኮዱን አዩት። 52 ካርታ ሊበወዝ የሚችልበት መንገድ 8 ተጽፎ 67 ዜሮ የሚከተለው ያህል ነው። ሲዱ ግን 32 ቢት ስለሆነ ከአራት ቢሊዮን ጥቂት የበለጠ ብቻ ነው የሚችለው። የባሰው ደግሞ ሲዱ የሚወሰደው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፈው ሚሊሰከንድ ነው፣ በቀን ውስጥ ያለው ሚሊሰከንድ 86,400,000 ነው። ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ሰዓት ከሰርቨሩ (ጨዋታውን ከሚያስኬደው የድርጅቱ ኮምፒውተር) ሰዓት ጋር ሲያስተካክሉ የቀረው ወደ 200,000 ወረደ። ይሄን ደግሞ ተራ ኮምፒውተር ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ይጨርሰዋል።

እንዴት እንደሠራ እዩልኝ። ቴክሳስ ሆልደም ላይ ለናንተ ሁለት ካርታ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ሦስት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። አምስት የምታውቁት ካርታ አለ። ፕሮግራሙ እነዚያን 200,000 ሲዶች አንድ በአንድ እየበወዘ አምስቱ ካርታዎች በትክክል ቦታቸው ላይ የሚመጡበትን ይፈልጋል። አገኘው። ከዚያ በኋላ የሌሎቹ ተጫዋቾች እጅ ውስጥ ያለው፣ ገና የሚገለጡት ሁለቱም ካርታዎች ስክሪናችሁ ላይ ናቸው፣ ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ። አንድም ሰርቨር ሰብሮ የገባ የለም። ካርታ የሰረቀ የለም። ስሌቱን ብቻ ነው ያሰሉት። (መበወዣው ራሱ ላይም ሌላ ጉድለት ነበረ፦ 52ኛ ቦታ ላይ የነበረችው ካርታ ተበውዞ ሲያበቃ 52ኛ ቦታ ላይ በምንም ተአምር አትገኝም። የአንዲት ቁጥር ስህተት፣ 52 መሆን የነበረበት 51።)

ታዲያ ትክክለኛው ምንድን ነው? ብር ላለበት ጨዋታ ሲዱ ከሰዓት መወሰድ የለበትም፣ ተራው ራንደምም አይበቃም። ስልኩም ሰርቨሩም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የሚያጠራቅመው ሊገመት የማይችል ነገር አለ፣ ከማሽኑ የውስጥ እንቅስቃሴ፣ ከቁልፍ አመታት፣ ከመሣሪያዎቹ ጊዜ መዛነፍ የሚሰበሰብ። በየቋንቋው ለሚስጥር ሥራ የተዘጋጀው ራንደም ከዚያ ነው የሚቀዳው፣ ኮዱ ላይ የሚለወጠው አንድ ሁለት መስመር ነው። ክፍያ የለውም። ሰበብም የለውም።

ግን ይሄ የተጫዋቹን ጥያቄ ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው። ሌላ ተጫዋች ሲዱን ላይገምት ይችላል፣ ባለቤቱ ራሱስ? እቁብ ላይ ዕጣ ሲወጣ ወረቀቱ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚጠቀለለው። ቦቱ ላይ ያ ነገር የለም። ለዚህም መላ አለው። ጨዋታው ሳይጀመር ሰርቨሩ የሲዱን ሃሽ ለሁሉም ያሳያል። ሃሽ ማለት ከሲዱ የሚሰላ፣ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሲዱን የማያሳይ ረጅም ጽሑፍ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሲዱ ራሱ ይለቀቃል፣ ማንም ሰው ሃሹን እንደገና አስልቶ ያው መሆኑን፣ የተጠሩትም ቁጥሮች ከዚያ ሲድ የመጡ መሆናቸውን ያረጋግጣል። እዚህ ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ብዙ ሰው አያያትም። ባለቤቱ ሺህ ሲድ ለብቻው ሞክሮ የሚስማማውን መርጦ የእሱን ሃሽ ቢለጥፍስ? ስለዚህ ሃሹ ከተለጠፈ በኋላ ተጫዋቾቹም የራሳቸውን ቁጥር ማዋጣት አለባቸው፣ የመጨረሻው ሲድ ከሁለቱ ተደባልቆ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ወገን ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም።

የውስጥ ሰው ነገር ተረት እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ኤዲ ቲፕተን የሚባል ሰው አለ። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የብዙ ግዛቶች ሎተሪ ማኅበር የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ነበር፣ ዕጣ የሚያወጣውንም ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ኮዱ ውስጥ በዓመት በተወሰኑ ቀኖች ላይ ብቻ ውጤቱን ወደሚገመቱ ጥቂት ቁጥሮች የሚያጠብ ነገር ደበቀበት። በሌላው ቀን ብትመረምሩት ምንም የለውም። በዲሴምበር 2010 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ በእንዲህ ያለ ቀን ወጣ፣ ብሩ ግን አልተከፈለም፣ ነገሩ ተነቃበትና በ2017 እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት። ጠባቂው ራሱ ነበር።

ከዚሁ ጋር ሰው የኛን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ያነሳብኛል፣ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ወጥቶ የተሰረዘውን። እሱ ላይ በይፋ የተነገረው ችግር በዋናነት ለዕጣው የገባው የሰዎች መረጃ ላይ ስለነበር ከሲድ ጋር አላያይዘውም። ነገር ግን «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» የሚለው ቃል ያኔም እንዳላዳነ አይተናል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አውሮፕላን ወደ ላይ እየወጣች ድንገት የምትጠፋባት የውርርድ ጨዋታ አለች፣ ሳትጠፋ በፊት ብሩን ማውጣት ነው። ቴሌግራም ላይ «መቼ እንደምትጠፋ የሚናገር አፕ» የሚሸጡ ሞልተዋል። ወገን፣ ሲዱ ከላይ እንዳልኩት ከተሠራ ማንም አፕ አይናገርም። በሰዓት የተሠራ ደካማ ሲድ ሆኖ በእርግጥ የሚገመት ቢሆን ደግሞ፣ ያወቀው ሰውዬ ዝም ብሎ ይጫወትበታል እንጂ ለናንተ አይሸጥላችሁም። እና ሲዱ ንጹህ ነው ማለት ታተርፋላችሁ ማለት አይደለም። የቤቱ ድርሻ የተቆረጠው በጨዋታው ሕግ ውስጥ ነው፣ ሲዱ ንጹህ ቢሆንም እሱ አይነካም።

ለናንተ ለጋዜጠኞቹ ያለኝ ልመና ቀላል ነው። ቀጥሎ የእንዲህ ያለ ጨዋታ ባለቤት ስታናግሩ ሲዱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁት። ሃሹን ከጨዋታው በፊት ያሳያል ወይ? ተጫዋቹስ የራሱን ቁጥር ያስገባበታል? «ሲስተሙ ነው የሚሠራው» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ሲስተሙን የጻፈውን ልጅ አገናኘን በሉት።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ኮድ ጸሐፊ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ